ለነርሶችና ለሆስፒታል ሠራተኞች ወጥ ዩኒፎርም ማሰፋት፦ ከጨርቁ ምርጫ እስከ እጥበቱ

ሜትረኖች (የነርሶች ኃላፊዎች)፣ የክሊኒክ ባለቤቶች፣ የግዥና የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ለሠራተኞቻችን ዩኒፎርም ልናሰፋ ነው፤ ምን ቀለም ይሻላል?» ቀለሙ ይደርሳል። ከቀለሙ በፊት መልስ የሚያስፈልገው «ይህ ልብስ የት ይታጠባል? በምን ይታጠባል? በሳምንት ስንት ጊዜ?» የሚለው ነው። የሆስፒታል ልብስ በሙቅ ውኃና በበረኪና ይታሻል፤ ጨርቁንም፣ ክሩንም፣ ላስቲኩንም፣ ቀለሙንም የሚመርጥልዎት እጥበቱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ገርጥቶ፣ አጥሮና ኪሱ ተገንጥሎ የሚመለስ ዩኒፎርም አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ለሙከራ ሳይታጠብ የታዘዘ ነው።

ይህ መመሪያ 60 ነርሶች ላሉት ሆስፒታል እጅጌ አጭር ሸሚዝና ሱሪ ማሰፋትን ምሳሌ አድርጎ ይወስዳል። ለፅዳት ሠራተኞች፣ ለራነሮች (ሕመምተኛና ዕቃ ለሚያመላልሱ ሠራተኞች)፣ ለላብራቶሪና ለካርድ ክፍልም አሠራሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ቁጥሩና ቀለሙ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመፈተሽና ለመለካት፦
- ከእያንዳንዱ አማራጭ ጨርቅ 1 ሜትር ናሙና
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ የማይለቅ እስክርቢቶ
- እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን (የላብራቶሪ ወይም የፋርማሲ ሚዛን ይበቃል)
- ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ክብሪት፣ ፒንሳ፣ ውኃ ያለበት ሳህን
- ላውንደሪዎ በየቀኑ የሚጠቀምበት ሳሙናና በረኪና

ለአንድ ሙሉ ልብስ (መካከለኛ ልክ)፦
- 1.50 ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 2.5 ሜትር፤ ለትልልቅ ልኮች እስከ 3 ሜትር
- የፖሊስተር ስፌት ክር፣ ከጨርቁ ጋር አንድ ቀለም
- 3 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ላስቲክ፣ ከ35 እስከ 40 ሴ.ሜ
- ለወገብ ማሰሪያ ሁለት ቁራጭ ገመድ፣ እያንዳንዱ 60 ሴ.ሜ
- ስምና ቁጥር የሚጻፍበት ነጭ ጥብጣብ፣ ሁለት ቁራጭ

1. መጀመሪያ ላውንደሪውን ይጠይቁ

ከልብስ ሰፊው በፊት ላውንደሪ ይሂዱና አራት ነገር ጽፈው ይያዙ፦ የውኃው ሙቀት ስንት ዲግሪ ይደርሳል? የበረኪናው ጥንካሬ ስንት ነው (ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል)? የሚደርቀው በፀሐይ ነው ወይስ በማሽን? ካውያ አለ ወይ? ልብሱን ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ የሚያጥብ ከሆነም ይህንኑ ይመዝግቡ። ቤት ውስጥ የሚታጠብ ልብስ ሳይተኮስ ሊለበስ ይችላል፤ ስለዚህ የማይጨማደድ ጨርቅ ይፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የጤና ሚኒስቴር ወይም የክልልዎ ጤና ቢሮ ስለ ሠራተኛ አለባበስ ያወጣው መመሪያ ካለ ያስመጡ። ካለ እሱ ይቀድማል። ጨርቅ ከተገዛ በኋላ «ይህ ቀለም ለሌላ ሙያ ነው» መባል ውድ ነው።

2. ማን ምን ይለብስ?

ቀለም የሚከፋፈለው ሕመምተኛውና አስታማሚው ማንን እንደሚጠሩ እንዲያውቁ ነው። ስለዚህ ከአምስት ወይም ከስድስት ቀለም አይለፉ። አሥር ቀለም ካወጡ ከሠራተኛው በቀር የሚያስታውሰው አይኖርም።

ቀለሞቹን በሱቅ መብራት ወይም በስልክ ፎቶ አይምረጡ። ቁራጮቹን ማታ ዎርድ ውስጥ ሰቅለው ከ5 ሜትር ርቀት ይመልከቷቸው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ግራጫ በደካማ መብራት አንድ ይሆናሉ፤ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስና ጥበቃ የሚምታቱት እንዲህ ነው። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎችም ስላሉ ሙያው ደረት ላይ በፊደል ይጻፍ፦ «ነርስ»፣ «አዋላጅ»፣ «ላብራቶሪ»፣ «ፅዳት»። ፊደሉ ከ1.5 ሴ.ሜ አይነስ፤ አካባቢው በሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ በዚያም ይጻፍ።

የኦፕሬሽን ክፍል ልብስ ከዎርዱ ፈጽሞ የተለየ ቀለም ይኑረው። አንድም አረንጓዴና ሰማያዊ በኃይለኛ መብራት ሥር ለረጅም ሰዓት ቀይ ደም የሚያይን ዓይን ያሳርፋሉ። ሁለትም የኦፕሬሽን ልብስ ለብሶ ካፍቴሪያ የተቀመጠ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ያ ልብስ ከክፍሉ መውጣት የለበትም።

ለፅዳት ሠራተኞችና ለራነሮች የሚሰፋው ልብስ ከነርሶቹ ያነሰ ጨርቅ አይሁን። ከሁሉም በላይ ደምና ፈሳሽ የሚነካው የእነሱ ልብስ ነው፤ በበረኪና የሚታሸውም እሱ ነው።

3. ጨርቁን ይፈትኑ

ገንዘብዎን የሚያድነው ይህ ደረጃ ነው፤ አይቸኩሉበት።

ለዎርድ ልብስ ተመራጩ 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ ቅልቅል ነው። ንጹሕ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ለሰውነትም ይመቻል፤ ግን ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ንጹሕ ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ያሞቃል፣ ላብ አይመጥጥም፣ በጋለ ካውያ ይቀልጣል። ለኦፕሬሽን ክፍልና እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና አፋር ላሉ ሞቃት ቦታዎች የጥጡ ድርሻ ከፍ ያለ ጨርቅ ይፈልጉ። የሚለጠጥ ክር ያለበትን ጨርቅ ግን በበረኪና የሚያጥቡ ከሆነ ይተዉት፤ ክሎሪን የመለጠጥ ኃይሉን ይጨርሰዋል፤ ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ይረግባል።

ሀ) የእሳት ፈተና። ሻጩ «ጥጥ ነው» ሲል አይከራከሩት። ከጠርዙ ጥቂት ክር መዘው በፒንሳ ይያዙና ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ የሚበን አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ጥቁር ጭስ እያወጣ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ይነድዳልም፣ ይጠጥራልም። የቀለጠውን በጣትዎ አይንኩ፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ለ) የሚዛን ፈተና። ልክ 10 በ10 ሴ.ሜ የሆነ ቁራጭ ቆርጠው ይመዝኑ፤ የተገኘውን ግራም በ100 ያባዙት። 2.0 ግራም ከመዘነ ጨርቁ በካሬ ሜትር 200 ግራም ነው ማለት ነው። ለሸሚዝና ለሱሪ ከ190 እስከ 210 ጥሩ ነው፤ ለሞቃት ቦታ ከ160 እስከ 180 ይበቃል፤ ግን ደብዘዝ ያለ ወይም ጥቁር ቀለም ይሁን። ነጭ ሆኖ ከ180 በታች የሆነ ጨርቅ የውስጥ ልብስ ያሳያል። ለማረጋገጥ ጨርቁን ባለ መስመር ጨርቅ ላይ ዘርግተው በመስኮት ብርሃን ይዩት፤ መስመሩ ከታየ ይተዉት።

ሐ) የመሰብሰብ ፈተና። 60 በ60 ሴ.ሜ ቆርጠው መሐሉ ላይ በማይለቅ እስክርቢቶ 50 በ50 ሴ.ሜ ካሬ ያስምሩ። ላውንደሪዎ እንደሚያጥበው በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ሳሙናና በረኪና አምስት ጊዜ ያሳጥቡት፤ ያድርቁ፣ ይተኩሱ፣ ይለኩ። 50 ሴ.ሜ የነበረው 49 ከሆነ 2 በመቶ ተሰብስቧል፤ ተቀባይነት አለው። 48.5 ከሆነ (3 በመቶ) ጨርቁ በሙሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። 47.5 ከሆነ አይግዙት፤ 105 ሴ.ሜ የነበረ ሱሪ ከ5 ሴ.ሜ በላይ ያጥራል ማለት ነው። በቁመትና በወርድ ለየብቻ ይለኩ፤ ብዙ ጨርቅ የሚሰበሰበው በቁመቱ ነው።

መ) የቀለም ፈተና። ለመሰብሰብ ፈተናው የታጠበውን ቁራጭ ካልታጠበው ጎን አድርገው በቀን ብርሃን ያወዳድሩ። ከዚያ ርጥብ ነጭ ጥጥ ያልታጠበው ላይ አሥር ጊዜ ይሹበት። ነጩ ከተበከለ ያ ቀለም የሌላውንም ልብስ ያበላሻል።

ውጤቱን ከናሙናው ጋር ስቴፕል አድርገው ያስቀምጡ። ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ሲሰበሰብ የዋጋውን ልዩነት በዝርዝር ለማስረዳት የሚያስችልዎ ይኸው ወረቀት ነው።

4. የልብሱን ቅርጽ ይወስኑ

እጅጌ። ከክርን በላይ ይቅር። እጅ የሚታጠበው እስከ አንጓ ብቻ አይደለም፤ ክርን ያለፈ እጅጌ ከአልጋ ወደ አልጋ ቆሻሻ ይዞ ይዞራል። በሃይማኖት ምክንያት ክንዳቸውን ለሚሸፍኑ ሠራተኞች ወደ ላይ ተሰብስቦ በቁልፍ የሚያዝ እጅጌ ያሰፉላቸው።

አንገት። ወደ ፊት የሾለ አንገት ያለ ቁልፍ ይለበሳል፤ ግን ከጉሮሮ ሥር ከ6 እስከ 8 ሴ.ሜ በታች አይውረድ፤ ነርሷ አልጋ ላይ ስታጎነብስ ይከፈታል። የአንገቱ ዙሪያ ግን ከ62 ሴ.ሜ አይነስ፤ ከዚያ ከጠበበ ፀጉር የተሠራች ሴት ለመልበስ ትቸገራለች። ማተብና ሐብል ከልብሱ ሥር ይግባ። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ሠራተኛ ከልብሱ ጋር አንድ ቀለም ያለው መሸፈኛ ይሰጣት፤ ጫፉ ሸሚዝ ውስጥ ይገባል እንጂ አይንጠለጠልም፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ቁስል ይነካል።

ኪስ። ብዙ ሰው ቸል የሚለው ኪሱን ነው፤ ቀድሞ የሚቀደደውም እሱ ነው። ደረት ላይ በግራ በኩል 11 በ13 ሴ.ሜ ኪስ ይሁንና 3 ሴ.ሜ ያህሉ ለእስክርቢቶ ተለይቶ ይሰፋ። ከታች ሁለት ኪሶች፣ እያንዳንዳቸው 16 በ18 ሴ.ሜ። የታችኛው ኪስ አፍ ከጎን ስፌቱ ቢያንስ 4 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጎን ላይ የሆነ ኪስ የበር እጀታና የአልጋ ብረት እየያዘው ይገነጠላል። በኪሱ ሁለት ማዕዘኖች ከውስጥ 3 በ3 ሴ.ሜ ቁራጭ ጨርቅ ተደርቦ በጥቅጥቅ ስፌት ይታሰር። መቀስ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ ስልክ ሁሉ የሚንጠለጠለው በእነዚያ ሁለት ነጥቦች ላይ ነው።

ወገብ። ላስቲኩ ከኋላ በኩል ብቻ ይሁን፤ ከፊት ገመድ። ሁለቱን ገመዶች ከላስቲኩ ሁለት ጫፎች ጋር ያሰፉዋቸው። ዙሪያውን ልቅ ሆኖ የገባ ገመድ በሁለተኛው እጥበት ይወጣና ይጠፋል። ከውስጥ 4 ሴ.ሜ ያህል በእጅ ስፌት ብቻ የተዘጋ ክፍት ይተዉ፤ ላስቲኩ ሲረግብ ሱሪው ሳይፈታ ይለወጣል።

ሱሪ የማይለብሱ ሴቶች ካሉ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ከዚያው ጨርቅ ያሰፉ፤ በስተኋላ 20 ሴ.ሜ ክፍት ይኑረው፤ ካለዚያ ስትሬቸር እየገፉ መራመድ አይቻልም። ለነፍሰ ጡሮች ጎንና ጎን ያለው ገመድ ሲላላ ስፋቱ የሚጨምር ሸሚዝ ሁለት ሦስት አድርገው መጋዘን ያስቀምጡ።

5. ልክ ይውሰዱ

«ስንት ቁጥር ትለብሻለሽ?» ብለው አይመዝግቡ። ከየአገሩ የሚመጣው ልብስ ቁጥሩ አንድ አይደለም። ሹራብና ጃኬት አስወልቀው ይለኩ፤ ሴቶችን ሴት ትለካ። የሚወሰደው፦ ደረት ዙሪያ (በሰፊው ቦታ፣ ሜትሩ ሳይጠብቅ)፣ ዳሌ ዙሪያ፣ ወገብ ዙሪያ፣ ከአንገት ሥር እስከ ዳሌ ያለው የጀርባ ርዝመት፣ የሱሪ የውጭና የውስጥ ርዝመት።

ከዚያ ሁሉንም በአምስት ልክ ይመድቡ፦

- ትንሽ፦ የሰውነት ደረት 84–91 ሴ.ሜ፣ የተሰፋው ሸሚዝ ዙሪያ 103
- መካከለኛ፦ 92–99፣ የተሰፋው 111
- ትልቅ፦ 100–107፣ የተሰፋው 119
- በጣም ትልቅ፦ 108–115፣ የተሰፋው 127
- ከሁሉ ትልቅ፦ 116–123፣ የተሰፋው 135

በየልኩ ከትልቁ ሰውነት በላይ የ12 ሴ.ሜ ትርፍ አለ። ትርፉ የቅንጦት አይደለም፤ ጨርቁ አይለጠጥም፣ ሠራተኛው ደግሞ ሕመምተኛ ያነሳል። ዳሌዋ ከደረቷ የሚሰፋ ሴት ከሆነች የሱሪውን ልክ በዳሌ ለብቻ ይመድቡ፤ ሸሚዝ መካከለኛ፣ ሱሪ ትልቅ መስጠት ምንም ችግር የለውም።

6. መጠኑን ያስሉና በአንድ ጊዜ ይግዙ

ለአንድ ነርስ ሦስት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፦ አንዱ ሰውነት ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ንጹሕ ሆኖ የሚጠብቅ። በሁለት ልብስ ደም ሲረጭባት የምትለውጠው ታጣለች። ስሌቱ፦

60 ነርስ × 3 = 180 ሙሉ ልብስ
180 × 2.75 ሜትር (አማካይ) = 495 ሜትር
ለቁራጭ ብክነት 5 በመቶና ለአዲስ ተቀጣሪ 10 በመቶ ሲጨመር = ወደ 570 ሜትር

ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ ጣቃ ይግዙ። በስም አንድ የሆነ ሰማያዊ ከሌላ ማቅለሚያ ሲመጣ ይለያል። ካልተገኘና ሁለት ዓይነት መግዛት ግድ ከሆነ የአንዱ ሸሚዝ ከሌላው ሱሪ ጋር እንዳይቀላቀል ጣቃዎቹን ቁጥር ይስጧቸው። ጣቃውን ሲረከቡ ስፋቱን በሦስት ቦታ ይለኩ፦ 1.50 ተብሎ 1.46 ሆኖ ከተገኘ በትልልቆቹ ልኮች ፊትና ጀርባ ጎን ለጎን ላይገቡ ይችላሉ፤ ስሌትዎም ይፈርሳል።

7. ናሙናው ይሰፋ

ከየልኩ አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ያሰፉ። ለልብስ ሰፊው የሚሰጡት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1) የልክ ሞዴሉ በወፍራም ካርቶን ይቆረጥ። ወረቀት ከጥቂት ቆረጣ በኋላ ጠርዙ ይበላል፤ ልኩም ይለወጣል።
2) ሁሉም ቁራጭ በጨርቁ ቁመት አቅጣጫ ይቆረጥ። ጨርቅ ለመቆጠብ ሰያፍ የተቆረጠ ሱሪ ከታጠበ በኋላ እግሩ ይዞራል።
3) ኪሶቹ ፊቱ ገና ክፍት ሳለ ይሰፉ፤ ጎኑ ከተዘጋ በኋላ ኪስ ቀጥ አይልም።
4) ትከሻው ሲገጠም ከውስጥ ጥብጣብ ይደረብ፤ ትከሻ ክብደቱን ሁሉ ይሸከማል፤ ካልተደረበ ይለጠጣል።
5) አንገቱ፣ ከዚያ እጅጌው፣ መጨረሻ ላይ ጎኑ ከብብት እስከ ታች በአንድ ጊዜ ይሰፋ።
6) የስፌት ትርፍ 1.5 ሴ.ሜ፣ በ1 ሴ.ሜ 4 ስፌት፣ መርፌ ቁጥር 14። ጠርዙ በሙሉ በኦቨርሎክ ይዘምዘም።
7) የሱሪው እግሮች መጋጠሚያ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ሲያጎነብሱ የሚተረተረው እዚያ ነው።
8) የሸሚዙ ጎን ከታች 12 ሴ.ሜ ክፍት፣ ጠርዙ 2.5 ሴ.ሜ እጥፍ፤ የሱሪው ጠርዝ 4 ሴ.ሜ እጥፍ።

ክሩ የግድ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር በበረኪና ይበሰብሳል፤ ጨርቁ ደኅና ሆኖ ስፌቱ ብቻ ይፈታል።

8. ናሙናውን በሥራ ላይ ያስፈትኑ

ለየልኩ አንድ ሰው መርጠው አንድ ሙሉ ተረኝነት ያስለብሱ። መስተዋት ፊት መቆም ፈተና አይደለም። ሁለት እጅ አንስታ ግሉኮስ ትስቀል፦ ሆድ መታየት የለበትም። ቁጢጥ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ ዕቃ ታንሳ፦ መቀመጫው መጥበቅ የለበትም። አልጋ ላይ አጎንብሳ ደረት ትጫን፦ አንገቱ መከፈት የለበትም። ኪሱ ሙሉ ሆኖ ትቀመጥ፦ ምንም መውደቅ የለበትም።

ከዚያ ልብሱ አምስት ጊዜ ይታጠብና እንደገና ይለካ። ካለፈ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ናሙና አዘጋጅተው በካርድ ላይ ፈርመውና ማኅተም አድርገው አንዱን ለልብስ ሰፊው፣ አንዱን ለመጋዘንዎ ይስጡ። ክርክር ሲነሳ ዳኛው ይህ ናሙና ነው።

9. ውልና ርክክብ

ውሉ ላይ «ጥሩ ጨርቅ» ብሎ ነገር የለም። የሚጻፈው፦ የፖሊስተሩና የጥጡ ድርሻ፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር፣ ከአምስት እጥበት በኋላ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይሰበሰብ፣ በ1 ሴ.ሜ የስፌት ብዛት፣ የኪስ ማዕዘን አሠራር፣ በየልኩ ስንት እንደሆነ፣ በልኬት የሚፈቀደው ልዩነት (1 ሴ.ሜ)። የታተመው ናሙና የውሉ አካል መሆኑም ይጻፍ።

ርክክቡ በሁለት ዙር ይሁን፤ በመጀመሪያው ዙር የተገኘ ስሕተት በሁለተኛው ይታረማል። ከየልኩ ከአሥር አንዱን አውጥተው ይለኩ፣ ገልብጠው ስፌቱን ይዩ፣ የኪሱን ማዕዘን ጠንከር አድርገው ይሳቡ። ከነዚህ አንዱ ከወደቀ የዚያን ልክ ሁሉንም ይፈትሹ።

10. ምልክት ያድርጉና ያስረክቡ

ሸሚዙ ከአንገት ሥር በውስጥ፣ ሱሪው ከወገብ በውስጥ ጥብጣብ ይኑረው፦ የሠራተኛው መለያ ቁጥር፣ ስንተኛው ልብስ እንደሆነ (1/3፣ 2/3፣ 3/3) እና የተሰጠበት ወርና ዓመት። ቁጥሩ ልብሱን በየተራ ለማዘዋወር ይረዳል፤ ካለዚያ አንዱ ሲያልቅ ሁለቱ አዲስ ይሆናሉ። ደረት ላይ የሚለጠፍ ባጅ በመርፌ ቁልፍ አይሁን፤ ሕመምተኛ ይወጋል፣ ጨርቅ ይቀድዳል። ርክክቡ በፊርማ ይመዝገብ፤ ሠራተኛ ሲለቅ ይመልሳል።

11. እጥበት

የሚታጠበው በየተረኝነቱ ነው፤ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ምክንያት አይሆንም።

1) ጓንትና የማያሳልፍ ሽርጥ ይልበሱ። ልብሱን አያራግፉ፤ አየሩን ይበክላል። ኪሶቹን በጥንቃቄ ይፈትሹ፤ መርፌ ተገኝቶ ያውቃል።
2) ደም ያለበትን በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁ። ሙቅ ውኃ ደሙን ያበስለውና ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል።
3) በሳሙና ይጠቡ። ሙቅ ውኃ ካለዎት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው በ71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 25 ደቂቃ ነው። ማሽኑን ሦስት አራተኛ ብቻ ይሙሉት፤ የታጨቀ ልብስ አይታሽም።
4) ሙቅ ውኃ ከሌለ በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ 0.05 በመቶ ክሎሪን ባለው ውኃ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 20 ሊትር እንዲሆን 200 ሚሊ ሊትር በረኪና፤ 4 በመቶ ከሆነ 250 ሚሊ ሊትር። መጀመሪያ በረኪናው ከውኃው ጋር ይደባለቅ፣ ከዚያ ልብሱ ይግባ፤ ልብስ ላይ በቀጥታ የፈሰሰ በረኪና ነጭ ነጥብ ይተዋል።
5) በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ ባለ ቀለሙን ገልብጠው። ከዚያ ይተኩሱ፤ ቅልቅል ጨርቅ በመካከለኛ ሙቀት።

ማስጠንቀቂያዎች

በረኪናን ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሽንት የነካው ልብስም በረኪና ከመንካቱ በፊት በውኃ ይለቅለቅ።

ክሎርሄክሲዲን የተባለው የቁስል ማጽጃ (ሳቭሎን ውስጥም አለ) የነካው ልብስ ሳይለቀለቅ በረኪና ውስጥ ከገባ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይፈጠራል። ብዙ ቦታ «የዝገት ውኃ ነው» እየተባለ ቧንቧው የሚታማበት እድፍ ይኸው ነው። ቁስል በሚታጠብባቸው ክፍሎች የሚለበሰውን ለይተው ቀድመው በብዙ ውኃ ያለቅልቁት።

0.5 በመቶ የሚባለው ጠንካራ ድብልቅ (አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ) ለፈሰሰ ደምና ለወለል ነው። ልብስ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ከተዘፈዘፈ በወራት ውስጥ ይሳሳል። የተበረዘ በረኪና ለነገ አይቀመጥ፤ ያልተበረዘውም ከፀሐይና ከሙቀት ይራቅ፤ ኃይሉን ያጣል።

ልብሱን ቤት ወስዶ የሚያጥብ ሠራተኛ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ይውሰድ፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይቀላቅል። በዩኒፎርም ታክሲ መሳፈርና ገበያ መግባት ግን ይቅር። ለዚህ ተብሎ መልበሻ ክፍልና ቁም ሣጥን ካልተዘጋጀ ሠራተኛውን መውቀስ አግባብ አይደለም።

ችግር ሲታይ

- ነጩ ልብስ ቢጫ ሆነ፦ በረኪናው በዝቷል ወይም በደንብ አልተለቀለቀም። ልኩን በሚሊ ሊትር ይስፈሩ፤ በጣሳ አይገምቱ።
- ሸሚዙ ደኅና ሆኖ ሱሪው ገረጣ፦ ሁለቱ ተለያይተው እየታጠቡ ነው። አንድ ላይ ይግቡ።
- ስፌቱ ተሸበሸበ፦ ሲሰፋ ክሩ በጣም ጠብቋል፣ ወይም ጥብጣቡ ሳይታጠብ ስለተሰፋ ተሰብስቧል። ጥብጣብና ላስቲክም ከመሰፋታቸው በፊት ይታጠቡ።
- የሱሪው እግር ዞረ፦ ሰያፍ ተቆርጧል። አይታረምም፤ ለሰፊው ይመለስ።
- ኪስ ተገነጠለ፦ ማዕዘኑ አልተደረበም። ዳግመኛ ከመስፋት በፊት ከውስጥ ቁራጭ ይደረብ፤ ካለዚያ በዚያው ቀዳዳ ይቀደዳል።
- ልብሱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ክሩ ተለይቶ ታየ፣ ወይም ቀለሙ ከታተመው ናሙና ጎን ሲያዝ ሌላ ሆነ፦ ጊዜው አልፏል። ከመዝገብ ይሰረዝ፣ የሆስፒታሉ ስምና የሙያው ጽሑፍ ተቆርጦ ይቃጠል፣ የቀረው ጨርቅ ለወለል መወልወያ ይሰጥ። ጽሑፉ ሳይነሣ የተጣለ ዩኒፎርም ማንም ለብሶ ዎርድ ይገባበታል።